ለስለስ ያለችው ጥይት

የዒላማ ተኩስ ውድድሩ ሦስተኛው ዙር ላይ ነበርን። ጋሼ የጠመንጃቸውን አሥር ጥይት ጨርሰው ጠረጴዛው ላይ አጋድመውታል፤ የቀኙን ሽጉጥ አምስት ጥይት አራግፈው ወደ አፎቱ መልሰዋል፤ የግራውን መዘዋል። አንድ፣ ሁለት። የብረቱ ዒላማ ሁለቴ ጮኸ። ሦስተኛዋ ላይ ሽጉጡ «ጷ» አለ፣ ብረቱም ዝም አለ። ሰዓት ያዡ አፉን ሳይከፍት አራተኛዋ ተተኮሰች።

«ስቶፕ!» የሚለው ጩኸት የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ቦታው ቴክሳስ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆቹ 2022፣ ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ረፋድ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። በሜዳው የሚጠሩበት ስም የአገር ቤት ማዕረግ ነው፤ ፈረንጆቹ ሲጠሩት ምላሳቸው ይተሳሰራል። እኔ ሃያ ዓመት በፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ነገር ሲበላሽ ከመነሻው ካልፈታሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህም ጽሑፍ የዚያ አመል ውጤት ነው።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ካውቦይ አክሽን ሹቲንግ ይሉታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ የዒላማ ውድድር ሲሆን፣ ሕጉን የሚያወጣው ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ በ1987 ተቋቋመ። ተወዳዳሪው እንደ 19ኛው ክፍለ ዘመን የምዕራብ አሜሪካ ሰው ለብሶ፣ የዚያን ዘመን መሣሪያ ወይም ቅጂውን ይዞ ይቀርባል፤ የሚጠራውም ራሱ ባወጣው የሜዳ ስም ነው። ሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፣ ከቃታው ሥር ባለ ማንሻ የሚጎርስ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ሾትጋን ይይዛል። ስድስት ጎራሹ የሚጎርሰው አምስት ብቻ ነው፤ መምቻው የሚያርፈው ባዶው ጉርሻ፣ ጥይት ያልገባበት ቀዳዳ፣ ላይ ነው። ዒላማው በቅርብ የቆመ ብረት ሲሆን፣ የሚለካው ጊዜ ነው። ለሳተ ለእያንዳንዱ ጥይት አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል።

ዒላማው ብረት ስለሆነና ቅርብ ስለሆነ አረሩ፣ ከአፈሙዝ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ፣ መዳብ የለበሰ መሆን አይችልም። እርሳስ መሆን አለበት፤ መዳብ የለበሰው ከብረቱ ነጥሮ ወደ ሰው ይመለሳል። ፍጥነቱም ገደብ አለው፦ ከሽጉጥ የሚወጣው በሰከንድ ከ1000 ጫማ፣ ከጠመንጃ የሚወጣው ከ1400 ጫማ መብለጥ የለበትም። ወደ ታችም ወለል አለው፣ 400 ጫማ። አሸናፊ የሚወሰነው በሰዓት ስለሆነ ሁሉም ሰው ወደ ወለሉ ይጠጋል፤ የማይረግጥ ሽጉጥ ቶሎ ወደ ዒላማው ይመለሳላ። ለስላሳ ጥይት የዚህ ጨዋታ ቋንቋ ነው። የጋሼም ጉዳይ የተወለደው ከዚህ ልስላሴ ነው።

በአንድ ዙር ከሽጉጦቹና ከጠመንጃው ሃያ ጥይት ይተኮሳል። በአንድ ቅዳሜ አምስት ወይም ስድስት ዙር አለ። ጋሼ የሚተኩሱት ፎርቲ ፋይቭ ኮልት የሚባለውን ነው፤ በዚያ ዓመት ከሱቅ ሲገዛ አንዱ ፍሬ አንድ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሄድ ነበር። በየወሩ መቶ ሃያ ጥይት መግዛት ለጡረተኛ የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ቀለሁን፣ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን ባዶ የናስ ቅርፊት፣ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ መልሰው ይሞላሉ። የጥይት ውድ ክፍል ቀለሁ ስለሆነ ቀለህ ያለው ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። በአሜሪካ ለራስ መተኮሻ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሞልቶ ሊሸጥ የሚነግድ ሰው ግን ያስፈልገዋል። (አገር ቤት ይህን ለመሞከር የሚያስብ ካለ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ነገር እንዳለ ያስታውስ። የምጽፈው የቴክሳስ ታሪክ ነው።)

ወደ ሜዳው እንመለስ። ሰዓት ያዡ የጋሼን ክንድ ያዘ። የቀረችው አንዲት ጥይት ተራገፈች። አንዱ ሽማግሌ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገባ፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ ብዙም ሳይሄድ ቆመ። ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው በርሜሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ከመነሻው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ አይጥ የዋጠ እባብ የመሰለ ቀለበት አብጧል። ሦስተኛዋ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርታ ነበር፤ አራተኛዋ ከኋላዋ ደርሳ ተላተመች። እርሳስ ለስላሳ ነውና ሁለቱ ተጋግጠው አንድ ሆኑ፤ በመሐላቸው የታፈነው ግፊት መውጫ ሲያጣ ብረቱን ወደ ጎን ገፋው። እጃቸው አልተነካም። ጉልበቱ ትንሽ ስለነበረ በርሜሉ አበጠ እንጂ አልተሰነጠቀም።

የማይረሳኝ ቃል የተናገሩት እዚያው ቆመው ነው። «ድምፁማ ቀለል ማለቱን ሰምቻለሁ ልጄ። ግን የእኔ ጥይት መቼ ከብዶ ያውቃል?»

ጉዳዩ በሙሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ሙሉ ጉልበት ያለው ጥይት የለመደ ሰው ባሩድ የሌለባት ጥይት ስትተኮስ ወዲያው ያውቃል፤ እጁ ላይ የሚጠብቀው ርግጫ ይጎድለዋል። የካውቦይ ተኳሽ ግን ከመጀመሪያው የሚጠብቀው ትንሽ ነው። በትንሽና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት ጆሮው በተደፈነ፣ ሰዓት በሚያሯሩጠው ሰው ላይ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መታወቅ አለበት። አይታወቅም። ባሩድ ሳይኖር ደግሞ ያቺ በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ መለኮሻ፣ ፕራይመር የሚሏት፣ ብቻዋን አረሩን ከቀለሁ አውጥታ በርሜል ውስጥ ለመሰንቀር ትበቃለች። አረሩ ጥይቶቹን ይዞ በሚዞረው ጉርሻና በበርሜሉ መጋጠሚያ ላይ ቢቀረቀር ኖሮ ሽጉጡ ተቆልፎ ጋሼን ራሱ ያስቆማቸው ነበር። አልፎ ስለገባ ጉርሻው በነጻነት ዞረ።

የዚያን ቀን ሌሎቹ ተኳሾች ሲያጽናኗቸው «ደህና ነው፣ ባሩድ ማነስ እንጂ መብዛት አይደለም» ይሏቸው ነበር። እኔ ግን ደህና አልመሰለኝም። አንድ ቀለህ ባሩዱን ካጣ፣ ያ ባሩድ የት ሄደ?

ጋሼ ዓርብ ማታ የሞሉት ሦስት መቶ ጥይት ነው። ቅዳሜ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የተተኮሰው አምሳ ዘጠኝ። ቀሪው ሁለት መቶ አርባ አንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ እጥፍ ባሩድ የያዘ ሊሆን ይችላል። ፎርቲ ፋይቭ ኮልት ውስጥ ፈጣን ባሩድ ሲታጠፍ ነገሩ ከበርሜል ማበጥ ያልፋል፤ የጉርሻውን ቤት ከፍሎ የላይኛውን ብረት ይዞት ሊሄድ ይችላል። ጋሼን ከሜዳው ይዣቸው ስወጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ሣጥኑን መኪናዬ ውስጥ መጫን ነው። «እኔን አታምነኝም?» አሉኝ። «እርስዎን አምናለሁ ጋሼ፤ ሣጥኑን ነው የማላምነው» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ስህተት ነበር፤ አልደብቅም። ሁሉንም በሚዛን እንለያቸው አልኩ። እጥፍ የያዘው ይከብዳል፣ ባዶው ይቀላል፣ በአንድ ሰዓት ጨርሰን ቡና እንጠጣለን። ሃያ ጥይት መዝነን ቁጥሩን ስደረድር ገባኝ። የባሩዱ ክብደት ከሙሉዋ ጥይት ሃምሳ እጅ አንዱ ገደማ ነው። የጋሼ ቀለሆች ደግሞ ከሜዳ የተለቀሙ፣ የተለያየ ፋብሪካ ናቸው፤ ባዶዎቹን ለይተን ስንመዝን የቀለህ ከቀለህ ልዩነቱ ብቻ ከባሩዱ ክብደት በልጦ ተገኘ። አረሩም ቀልጦ የተቀዳ እርሳስ ስለሆነ የራሱ ከፍ ዝቅ አለው። በዚህ ሚዛን እጥፍ ባሩድ የያዘ ቀላል ቀለህ፣ በልክ ከተሞላ ከባድ ቀለህ ጋር እኩል ይወጣል። ብዙ ሰው ጥይቱን መዝኖ ያልፍና ይረጋጋል፤ ለትልልቅ ጥይቶች ሊሠራ ይችላል፣ ለእነዚህ ግን የሐሰት እርጋታ ነው።

ስለዚህ የቀረው ሁሉንም ማፍረስ ነበር። ጥይት ማፍረሻው መዶሻ ይመስላል፤ ጥይቷን ጭንቅላቱ ውስጥ ትቆልፍና እንጨት ላይ ትመታዋለህ፤ አረሩ በራሱ ክብደት ይወጣል፣ ባሩዱም አብሮ ይፈስሳል። አንዷን ሦስት አራት ምት ይፈጅባታል። መነጽር አድርገን፣ የእያንዳንዷን ባሩድ ለየብቻ ሚዛን ላይ እያፈሰስን፣ እሑድ ማታ ጀመርን። ሰማንያ አፈረስን፤ ሁሉም ልክ ነው። ጎረቤት ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ መጣ። ሰኞ ማታ ቀጠልን። ከመቶ አርባ ጥቂት አለፍ ስንል ሚዛኑ ላይ የወረደው ባሩድ ክምር ሆነ። ጋሼ ቁጥሩን አንብበው ዝም አሉ። ለሁለት ቢካፈል ሁለት የተለመዱ ስፍሮች ነው፤ እጥፍ፣ ያለ ጭማሪ ያለ ቅናሽ።

ማክሰኞ ቀሪዎቹን ጨረስን። ሌላ አልተገኘም። አንዲት ባዶ፣ አንዲት እጥፍ፤ ሁለቱም የአንድ ስህተት ልጆች።

ስህተቱ እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ ጥይት የሚሞላበትን መሣሪያ፣ ፕሬሱን፣ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮግረሲቭ ከሚሉት ዓይነት ነው። ክብ ሳህን ላይ አራት ቀለህ ይቆማል። እጀታው አንዴ ሲሳብና ሲመለስ አንደኛው ቀለህ አሮጌ መለኮሻው ወልቆ ቅርጹ ይስተካከልና አዲስ ይገባለታል፤ ሁለተኛው ባሩድ ይሰፈርለታል፤ ሦስተኛው አረር ይጫንበታል፤ አራተኛው አፉ ተጨምቆ አረሩን ይይዛል። ከዚያ ሳህኑ አንድ ቦታ ይዞራል። ሳህኑ በራሱ የሚዞርበት ፕሬስ አለ። የጋሼው በአውራ ጣት የሚዞር ነው። እንግዲህ ሳህኑን ሳያዞሩ እጀታውን ሁለቴ ከሳቡ፣ ያው ቀለህ ሁለቴ ባሩድ ይጠጣል። እጀታውን ሳይስቡ ሁለቴ ካዞሩ ደግሞ አንዱ ቀለህ ከባሩዱ ቦታ ዘሎ ያልፋል።

ዓርብ ማታ ስልክ ጮኾ ነበር። እህታቸው ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። ቴክሳስ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ቁርስ ሳይቀርብ የመደወል ልማድ አላቸው። ጋሼ ተነሥተው አሥር ደቂቃ ያህል ስለ አንድ የውርስ ቤት ካወሩ በኋላ ተመለሱ። እጀታውን ሳቡ። ቀጥሎ አንዱ መለኮሻ ጠምሞ መግባቱን አይተው ያንን ቀለህ ሊያነሱ ሳህኑን አዞሩ፣ አነሱ፣ ደግመው አዞሩ። ይህን ሁሉ ያስታወሱት ቀስ በቀስ፣ መለኮሻም ባሩድም በሌለው ባዶ ፕሬስ ፊት አስቀምጬ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ነው። እጅ ከአፍ ይልቅ ያስታውሳል። በዚያች ቅደም ተከተል ስንሄድ አንድ ቀለህ ሁለቴ ሰፋሪው ሥር ቆመ፣ ተከታዩ ምንም ሳይወስድ አለፈ። ፍርድ ቤት የሚቆም ማስረጃ ባይሆንም ሣጥኑ ውስጥ ካገኘነው ጋር ገጥሟል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ስልክ ነው ያሳሳታቸው።» እኔ አልተዋጠልኝም። እህታቸው ዓርብ ዓርብ ሲደውሉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ጋሼም በዚያው ፕሬስ ዓመታት ሞልተዋል። ስልክ ያላሳሳታቸው ለምን ነበር?

መልሱ መደርደሪያው ላይ ባዶውን ቆሞ ተገኘ፤ የትሬይል ቦስ ቆርቆሮ። ይህ ባሩድ አውስትራሊያ ተሠርቶ ሆጅደን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው፣ ለካውቦይ ተኳሾች ታስቦ የወጣ ነበር። ፍሬው መሐሉ የተበሳ ቀለበት ስለሆነ ክብደቱ ትንሽ፣ መጠኑ ብዙ ነው። ይህን ባሩድ ከሌላው ባሩድ ጋር ማወዳደር ፈንዲሻን ከጤፍ ጋር እንደማወዳደር ነው፤ ክብደታቸው እኩል ቢሆን እንኳ አንዱ ቁና ይሞላል፣ ሌላው ጭብጥ አይሞላም። ፎርቲ ፋይቭ ኮልት ቀለህ ውስጥ ትሬይል ቦስ ሁለቴ ቢሰፈር እስከ አፉ ይሞላል፣ ሊፈስስና ሳህኑን ሊያበላሽም ይችላል፣ ጋሼም ሳይወዱ ያዩታል። ለዓመታት የጠበቃቸው የባሩዱ ፈንዲሻነት ነበር። ከ2020 በኋላ ግን ያ ባሩድ ከሱቅ ጠፋ። መለኮሻም ቢሆን በዚያ ጊዜ ከ35 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ አንዱ ሺህ ወደ መቶ ዶላር ገደማ ወጥቶ ነበር፤ ሰው ያገኘውን ይገዛል። ጋሼም ያገኙትን ገዙ፤ ጤፍ የመሰለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ፈጣን ባሩድ። ስፍሩን ከመመሪያ መጽሐፉ አይተው በትክክል አስተካከሉ። ያልለወጡት ልማዳቸውን ነው። አዲሱ ባሩድ ቢታጠፍ እንኳ ቀለሁ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ለሚያይ ሰው ነው። የጋራዡ አምፖል ደግሞ ከኋላቸው ስለነበር ጥላቸው ሳህኑ ላይ ያርፋል።

ቀለሁ ለምን ያን ያህል ሰፊ ሆነ ለሚል፣ ነገሩ የታሪክ ነው። ፎርቲ ፋይቭ ኮልት በ1873 ሲወጣ የሚሞላው በጥቁር ባሩድ ነበር፤ አርባ ግሬን (2.6 ግራም ገደማ) ገብቶ እስከ አረሩ ሥር ይሞላል። ጥቁር ባሩድ አየር ሳይኖረው ታጭቆ ስለሚሞላ እጥፍ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ቦታ የለም። ጭስ የለሽ ባሩድ ሲመጣ ጉልበቱ በዛ፣ መጠኑ አነሰ፣ ቀለሁ ግን እንዳለ ቀረ። ትርፉ ባዶ ቤት ነው፤ ስህተት የሚያድርበት። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ፈገግ አሉና «ውጅግራም እንዲሁ ነበር» አሉ። ልክ ናቸው። ፈረንሳዮቹ በ1874 ያወጡት ፉዚል ግራ፣ አባቶቻችን ስሙን አዙረው ውጅግራ ያሉት፣ የዚያው ዘመን፣ የዚያው ጥቁር ባሩድ ልጅ ነው። ጥይቱ በገበያ ከአሞሌ ጨውና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ገንዘብ ሆኖ የሚያገለግል ጥይት በከንቱ አይተኮስም፤ ለዚህ ለዚህ ጋሼ ከፈረንጆቹ ይልቅ የአያታቸው ወገን ናቸው፣ አንዲት ቀለህ ሣር ውስጥ ብትጠፋ ጎንበስ ብለው ይፈልጓታል።

መፍትሔው ላይ ተከራከርን። እኔ ትንሽ ቀለህ ወዳለው ሠላሳ ስምንት ስፔሻል ይዙሩ አልኩ፤ በዚህ ጨዋታ ብዙ ሰው የሚተኩሰው እሱን ነው፣ ባዶ ቤቱም ያንሳል። «ኮልት ማለት አርባ አምስት ነው» ብለው ዘጉት። የባሩዱን ከፍታ ለክቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን የራሱን ቦታ ሳህኑ ላይ ይፈልጋል፣ የእሳቸው ፕሬስ አራቱም ቦታ ተይዟል። በመጨረሻ የተስማማነው በርካሹ ነው። ፕሬሱ ላይ በቀጥታ ወደ ቀለሁ አፍ የሚያበራ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት አሰርን። አረር ከመጫን በፊት እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ይታያል። ሥራው በማናቸውም ምክንያት ከተቋረጠ፣ ስልክም ይሁን ሽንት፣ አራቱም ቀለህ ከሳህኑ ይነሣል፣ ባሩዱ ወደ ሰፋሪው ይመለሳል፣ ከባዶ ይጀመራል። ይህ የመጨረሻው ለጋሼ በጣም ከበዳቸው፤ ያለቀ ሥራ ማፍረስ መስሎ ይታያቸዋል። ሦስት ማታ ሙሉ መዶሻ የመታ ሰው ግን ብዙ አይከራከርም።

በሜዳውም አንድ ነገር ተለወጠ። አሁን ጋሼ ሲተኩሱ ከሰዓት ያዡ ጎን ከሚቆሙት ቆጣሪዎች አንዱ ዓይኑን ከብረቱ አይነቅልም። ጆሮ ያልለየውን ብረቱ ይነግራል፦ ለስለስ ያለ ድምፅ ተሰምቶ ብረቱ ካልጮኸና አፈሩም ካልተነሣ መቆም ነው። አምስት ሰከንድ ቅጣት ከበርሜል ይረክሳል። የበርሜሉን ነገር ካነሣሁ፣ አምራቹ በቤት በተሞላ ጥይት ለተበላሸ መሣሪያ ዋስትና አይሰጥም፤ ይህ የአብዛኞቹ ልማድ ነው፣ ቅር የሚያሰኝ አይደለም። አዲስ በርሜል ከኪሳቸው ገዝተው ባለሙያ ገጠመላቸው።

በዚህ አጋጣሚ ጋራዡን ስናጸዳ ሌላም ነገር ተስተካክሏል፤ ከጉዳዩ ጋር ባይያያዝም ልጥቀሰው። ቀለህ የሚታሸው በደረቅ ዱቄት ነበር፤ ያ ዱቄት የእርሳስ ብናኝ ይይዛል። የልጅ ልጃቸው እዚያው ወለል ላይ ትጫወት ነበር። አሁን ቀለህ የሚታጠበው በውሃ ነው፣ ልጅቷም ጋራዥ አትገባም፣ ጋሼም እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ አይነኩም።

ሁለቱ የተጋጠሙ አረሮች አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ከበርሜሉ ሲወጡ አንዱ የሌላውን ቂጥ እንደ ቆብ ለብሶ ነበር። ጋሼ ሊጥሉት ሲሉ ለመንኳቸው።

እህታቸው የሚደውሉት አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ምክንያቱን አልነገሯቸውም።